አንቴናው ይቆየን፤ የስፖርት ክፍለ ጊዜው የት ገባ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዚህን ወር ጥያቄዎች ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ቡናዬን ይዤ ተቀመጥኩ። ስለ አንቴና፣ ስለ ዋይፋይና ስለ ስልክ ጨረር የጠየቀው ሰው ብዛቱ ጉድ ነው። ስለ ልጆች ስፖርት የጻፉልኝ ግን ሦስት ብቻ ናቸው፤ አንዷም በጎን አንስታው ያለፈችው ነች። እኔ ደሴ ውስጥ ጤና ጣቢያ ስሠራ በቆየሁበት ዘመን ሁሉ አንቴና አሳመመኝ ብሎ መጥቶ በእርግጥም አንቴናው ሆኖ የተገኘ አንድ ሰው አላጋጠመኝም። ከመቀመጥ ብዛት ስኳር፣ ግፊትና ወገብ ይዞት የመጣውን ግን ልቁጠር ብል አልጨርሰውም። ስለዚህ ዛሬ ሁለቱን ጎን ለጎን አደረግኳቸው። ረጅሞቹን ደብዳቤዎች አሳጥሬያለሁ፣ ስም አልጻፍኩም።

ጥያቄ፦ «አከራያችን ጣሪያው ላይ የኔትወርክ አንቴና አስተከለ። እኛ ከስሩ አንድ ክፍል ተከራይተን ነው የምንኖረው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ የ9 ዓመቷ ልጄ ጠዋት ጠዋት ራሴን አመመኝ ትላለች። ቡና ላይ ጎረቤቶቼ ‹ጨረሩ ነው፣ ልጅሽን ይዘሽ ውጪ› ይሉኛል። ቤት ልቀይር? የደሴን ኪራይ ደግሞ ያውቁታል።» (ከደሴ፣ ሆጤ)

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ዕቃሽን ገና አትሸክፊ።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራው። እኛ ኤክስሬዩንም ጨረር እንለዋለን፣ የፀሐዩንም፣ የሬዲዮውንም። ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። ኤክስሬይ ከአቶም ላይ ኤሌክትሮን የመንጠል ጉልበት አለው፤ በዚህም ዘረመላችንን ሊጎዳ ይችላል፣ ለዚህ ነው ሐኪም ያለ ምክንያት የማያዘው። የስልክ፣ የዋይፋይና የአንቴና ሞገድ ያንን ጉልበት የለውም። በጣም ሲበዛ ያሞቃል። መስኮት በአንድ ጠጠር ይሰበራል፤ ኩንታል ሙሉ ጥጥ ብትወረውሪበት ግን አይሰበርም፣ እንደዚያ አስቢው። ለማሞቁም ቢሆን ልክ ተበጅቶለታል። አይክኒርፕ የሚባለው ዓለም አቀፍ የጨረር ጥበቃ ኮሚሽን፣ ሰውነትን በሚያሳስብ ደረጃ ማሞቅ የሚጀምረው በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 4 ዋት አካባቢ ነው ብሎ፣ ለሕዝብ የሚፈቀደውን በ50 አካፍሎ 0.08 ዋት ላይ አቁሞታል።

ደግሞ ከስር መሆንሽ ይጠቅምሻል እንጂ አይጎዳሽም። ይሄ ለብዙ ሰው አይዋጥለትም። አንቴና ሞገዱን የሚልከው ወደ ጎን፣ ወደ ሩቅ ነው። ማታ ፒያሳ ቆመሽ በእጅ ባትሪ ወደ ሸዋ በር ብታበሪ እግርሽ ስር ጨለማ ነው። እንደዚያ ማለት ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ፦ ጣሪያው ላይ ልብስ የምታሰጡ ከሆነ ከአንቴናው ፊት ለፊት፣ አጠገቡ መቆም የለም። ልጆችም ወደዚያ አይውጡ።

ታዲያ ልጅቷን ምን አመማት? ራስ ምታቱማ እውነት ነው፣ ልጅቷ አላበለችም። እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው። ለደሴ ብርድ ብለሽ ማታ ከሰል ክፍል ውስጥ ታሳድሪያለሽ? አንድ ክረምት እናትና ሁለት ልጆች ጠዋት ጠዋት ራሳችንን ይፈልጠናል እያሉ ሦስት ጊዜ ተመላልሰው መጡብኝ። ማስታገሻ እየሰጠን እንሸኛለን። በሦስተኛው ትንሹ ልጅ ነው የነገረኝ፦ «ቡናው ሲያልቅ እማዬ ፍሙን አልጋ ስር ታደርገዋለች፣ ይሞቀናል።» በቃ። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ ራስ ያሳምማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ሲብስም ተኝተው ሳይነሱ የሚቀሩ አሉ። ምልክቱን ልንገርሽ። ሌላም የቤት ሰው ጠዋት የሚያመው ከሆነ፣ ልጅቷም ውጪ አየር ስታገኝ የሚተዋት ከሆነ ዛሬውኑ ከሰሉን አውጪው፣ እናንተም ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ከሰል ከሌለ ደግሞ፦ ቁርስ በልታ ነው የምትሄደው? ሰሌዳ ለማየት ዓይኗን ታጠባለች? ስንት ሰዓት ትተኛለች? አንቴናውስ ጄኔሬተር አለው? ካለው እሱ ሌሊቱን ሲያንኳኳ እያደረ እንቅልፍ ነስቷት ይሆናል፤ ይሄ እውነተኛ ቅሬታ ስለሆነ ለአከራይሽ አፍ ሞልተሽ ተናገሪ። ራስ ምታቱ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሳት፣ የሚያስመልሳት ወይም እይታዋን የሚያደበዝዝ ከሆነ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቂ ውሰጃት።

አንድ የመጨረሻ ነገር። «ሞገድ ያመኛል» የሚሉ ሰዎችን ተመራማሪዎች የሞገዱን ማመንጫ ሳያሳዩአቸው አንዴ እየከፈቱ አንዴ እየዘጉ ፈትነዋቸው ነበር። መቼ እንደተከፈተ መለየት አልቻሉም። ተከፍቷል ብለው ሲያስቡ ግን ታመሙ። ፍርሃት ራሱ ራስ ያሳምማል፤ ስለዚህ ያን የቡና ወሬ ልጅቷ ባለችበት አታውሩት።

ጥያቄ፦ «የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ስልኬን ትራሴ ስር አድርጌ ስተኛ አባቴ ካንሰር ያመጣብሃል እያለ ይቀማኛል። የዓለም ጤና ድርጅትም ብሎታል ይላል። እውነቱን ነው?» (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አባትህ ግማሹን ሰምቷል። በድርጅቱ ስር ያለው የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2011 የሬዲዮ ሞገድን «ምናልባት ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» ከሚለው 2ቢ ከተባለ ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ታዲያ ያ ምድብ ምን እንደሆነ ልንገርህና ሳቅ። ቡና ራሱ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2016 እዚያው 2ቢ ውስጥ ነበር። አዎ፣ ያቺ አቦል፣ ቶናና በረካ እያልን የምንጠጣት ቡና! እኛ ወሎ ቁጭ ብለን ጀባ ስንባባል 25 ዓመት ሙሉ ከተጠርጣሪዎች ጋር ነበርን። በ2016 ቡናን ከዝርዝሩ አወጡትና ከ65 ዲግሪ በላይ የሚጠጣ በጣም ትኩስ መጠጥን ከስልክ አንድ ደረጃ ከፍ ባለው ምድብ አስገቡ፤ ጉሮሮን ስለሚያቃጥል። ምድቡ የሚነግርህ ጥርጣሬው ምን ያህል ማስረጃ እንዳለው ነው። ጉዳቱ ምን ያህል ትልቅ ነው ለሚለው መልስ አይሰጥም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 ያው የዓለም ጤና ድርጅት ያስጠናው ሰፊ ዳሰሳ 63 ጥናቶችን አገላብጦ በስልክና በአእምሮ ካንሰር መካከል ግንኙነት አላገኘም። አስር ዓመትና ከዚያ በላይ የተጠቀሙት ላይም እንዲሁ።

ግን ስልኩን ለአባትህ ስጠው።

ምክንያቱ ሌላ ነው። በአንተ ዕድሜ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ያስፈልጋል፤ ቲክቶክና ቴሌግራም እያንጫረረ የሚያድር ስልክ ትራስ ስር ይዞ ደግሞ ያን ያህል የሚተኛ ሰው አላየሁም። ቻርጅ ላይ ተሰክቶ ትራስ ስር የዋለ ስልክ ደግሞ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ባትሪው ሊያብጥና ሊነድ ይችላል። ይሄ የእውነት አደጋ ነው።

ሞገዱን ልቀንስ ካልክም ዘዴው ቀላል ነው። ስልክ ኃይሉን የሚጨምረው ኔትወርክ ሲርቀው ነው፣ ልክ ሰው ከሩቅ ሲጣራ እንደሚጮኸው። ከደሴ ሐረጎን ስትወርድ ገደሉ ስር ኔትወርኩ ሲጠፋና ሲመጣ እዚያ ጆሮህ ላይ ለጥፈህ «ሃሎ፣ ሃሎ፣ ይሰማል?» ከምትል ሜዳው ላይ እስክትደርስ ታገስ። ወይ በጆሮ ማዳመጫ አውራ። አየህ፣ ሰው «አንቴና ከሰፈራችን ይራቅልን» ሲል ጆሮው ላይ ያለው ስልክ የበለጠ እንዲሠራ እየጠየቀ ነው። ስልክህ ላይ ኮከብ፣ መሰላል፣ 07፣ መሰላል ብለህ ብትነካ በብዙዎቹ ላይ የሞገድ መጠኑ በዋት በኪሎ ይወጣል። አውሮፓ የሚፈቅደው ለጭንቅላት እስከ 2 ነው፣ አሜሪካ 1.6።

ጥያቄ፦ «ደረቴ ውስጥ የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ ገብቶልኛል። ልጆቼ ሞባይል አትንካ አሉኝ።» (ከከሚሴ)

መልስ፦ አባባ፣ ይንኩት። ብቻ በደረት ኪስ አይያዙት። መሣሪያው ካለበት ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፣ ሲያወሩም ከመሣሪያው በተቃራኒ ባለው ጆሮ ይያዙት። ልጆችዎን ሰላም ይበሉልኝ።

ጥያቄ፦ «ልጄ የሚማርበት ትምህርት ቤት ዋይፋይ አስገባ። በወላጆች ስብሰባ ላይ ይነቀል አይነቀል ብለን ከሁለት ሰዓት በላይ ተጨቃጨቅን፣ ሳንስማማ ተበተንን። የእርስዎ ሐሳብ ምንድነው? በነገራችን ላይ የ8ኛ ክፍሎች የስፖርት ክፍለ ጊዜ ለሚኒስትሪ ማጠናከሪያ ተብሎ ለሒሳብ ተሰጥቷል።» (ከወልድያ)

መልስ፦ የዋይፋዩን ቶሎ ልጨርሰው። አንድ ራውተር የሚልከው ኃይል 0.1 ዋት ገደማ ነው። ቤትሽ ያለችው ትንሿ ኤልኢዲ አምፖል 9 ዋት ትበላለች። ግድግዳ ላይ ሆኖ ልጅሽ ጋ ሲደርስ ደግሞ ከዚያም በጣም ያንሳል። ይቀመጥ። ልጆቹ በዋይፋዩ ምን ያያሉ ብላችሁ ብትጨቃጨቁ ኖሮ ግን ሁለት ሰዓቱ ባልቆጨኝ።

እኔን ያስደነገጠኝ «በነገራችን ላይ» ብለሽ ያለፍሽው ነው። ማንም ሊያሳየኝ ላልቻለው ጉዳት ሁለት ሰዓት፣ ቁልጭ ብሎ ለሚታየው ግን አንድ መስመር! አትቀየሚኝ፣ ወላጅ ሁሉ እንደዚሁ ነው፤ እኔም የራሴን ልጅ ሒሳብ አጥና ብዬ ከኳስ ሜዳ ጎትቼ አውጥቼዋለሁ።

ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ልቡ እስኪመታ፣ ላብ ላብ እስኪለው መንቀሳቀስ አለበት። ይሄን ያለው የዓለም ጤና ድርጅት ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ደግሞ አጥንትና ጡንቻ የሚያጠነክር ነገር፣ መዝለልና መውጣት መውረድ ያለበት። ዓለም እንዴት ነው ብትዪ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉት ልጆች 81 ከመቶው ይሄን አያሟሉም ነበር፤ ከሴቶቹ 85 ከመቶው። የእኛ የገጠር ልጅ ይሻል ነበር። ተራራ ወጥቶ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ ከብት መልሶ ነው ትምህርት ቤት የሚደርሰው። የከተማው ልጅ ግን ከበር ላይ ባጃጅ ይጭነዋል፣ ዴስክ ላይ ይውላል፣ በባጃጅ ይመለሳል፣ ከዚያ ሶፋ። ለዚህኛው ልጅ ያቺ የስፖርት ክፍለ ጊዜ በሳምንት ውስጥ የሚሮጥባት ብቸኛዋ ሰዓት ልትሆን ትችላለች። እሷንም ወስደን ለሒሳብ!

አጥንት ደግሞ ዕድሜ አይጠብቅም። ከአጥንታችን ጥንካሬ አብዛኛው የሚከማቸው እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ነው፤ በኋላ የምንኖረው ያን እየመነዘርን ነው። ዓይንም አለ። ቻይና ጓንግዡ ውስጥ የአንደኛ ክፍል ልጆችን በየቀኑ 40 ደቂቃ ተጨማሪ ውጪ አውለው ሦስት ዓመት ተከታተሏቸው፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ወጣ። ውጪ ከዋሉት 30 ከመቶው ሩቅ ማየት ሲያቅታቸው፣ እንደ ድሮው ከቀጠሉት ግን ወደ 40 ከመቶ። መድኃኒት የለ፣ መነጽር የለ፣ ፀሐይና ሜዳ ብቻ።

«ፈተናውስ?» ትዪኛለሽ። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2010 ስፖርትና የትምህርት ውጤትን ያያያዙ 50 ጥናቶችን ሰብስቦ ነበር። ከተገኙት ግንኙነቶች ግማሽ ያህሉ ስፖርቱ እንደጠቀመ ያሳያሉ፣ የቀሩት ከሞላ ጎደል ለውጥ የለም ይላሉ፣ ጎዳ የሚሉት 1.5 ከመቶ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ያቺን 40 ደቂቃ ከሜዳ ወደ ሰሌዳ ማዛወር ውጤት ከፍ ያደርጋል ብሎ የሚሟገት ሰው ማስረጃውን ይዞ ይምጣ። ደክሞት አምስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ የሚያንጎላጅ ልጅ ስድስተኛው ላይ ሒሳብ ቢጨመርበት ምን ይገባዋል?

እኔ አንቺን ብሆን ለሚቀጥለው ስብሰባ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዤ እሄዳለሁ። ክፍለ ጊዜው ተመለሰ ወይ? ማጠናከሪያው ቅዳሜ ጠዋት ይሁን። ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው ሳይቸግራቸው ያደረጉት ላይሆን ይችላል፣ ወላጁ ነው «ልጄን አሳልፉልኝ» እያለ የሚያስጨንቃቸው።

ጥያቄ፦ «የ14 ዓመት ልጅ ነኝ። አስም አለብኝ። የስፖርት መምህራችን አንቺ ተቀመጪ ይሉኛል፣ ጓደኞቼ ሲጫወቱ ሹራባቸውን ይዤ እቀመጣለሁ። የወር አበባ ሲመጣም አልሠራም። መሥራት እችላለሁ?» (ከሐይቅ)

መልስ፦ ትችያለሽ የኔ እመቤት። ሹራብ ያዥነቱ ይብቃ።

አስም ያለበት ሰው ተቀምጦ ሲኖር ሳንባው እየሰነፈ ይሄዳል፣ ትንሽ ስትራመጂም ይደክምሻል። ዋናው ነገር አስሙ በሕክምና የተያዘ መሆኑ ነው። ጤና ጣቢያ ሄደሽ ስፖርት ልሠራ ነው በያቸው። ሰማያዊዋ የምትነፋዋ መድኃኒት፣ ሳልቡታሞል፣ ከታዘዘችልሽ ከመሮጥሽ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቀድመሽ እንዴት እንደምትወስጃት ያሳዩሻል። እሷን ቦርሳ ውስጥ ክፍል ትተሻት አትውጪ፣ ኪስሽ ትግባ። ሲጀመር ዘለሽ አትሩጪ፣ አስር ደቂቃ ሰውነትሽን አሟሙቂ። ብርዱ ወይ አቧራው ከበረታ አፍንጫሽን በነጠላ ወይ በሻሽ ሸፍኚ። ደረትሽ ሲያፏጭ አቁሚ፣ ንፊ፣ ለመምህሩ ንገሪ። ጉንፋን ይዞሽ ሲያፍንሽ በከረመ ሳምንት ግን እረፊ።

የወር አበባውም አይከለክልሽም። እንዲያውም ቀለል ያለ እንቅስቃሴ የሆድ ቁርጠቱን ያስታግሳል። ሞዴስ መቀየሪያና ውሃ ያለው መጸዳጃ ከሌለ ግን ያ የአንቺ ጥፋት አይደለም፣ የትምህርት ቤቱ ነው። ለመምህርሽ ይሄን ገጽ አሳይልኝ።

ጥያቄ፦ «የስፖርት መምህር ነኝ። አንድ ክፍል ውስጥ 70 ተማሪ አለኝ። ኳሷ አንድ ናት። ሜዳው ድንጋይ ነው። 22 ልጅ ይጫወታል፣ የቀረው ቆሞ ያያል። ክረምት ሲሆን ደግሞ ጭራሽ አይወጣም። ምን ላድርግ?» (ከኩታበር)

መልስ፦ መምህር፣ እንደ እርስዎ ያለ ሰው ስለጻፈልኝ ደስ ብሎኛል።

ኳሷን ለጊዜው ይርሷት። ችግሩ የኳስ እጥረት ይመስላል እንጂ ዋናው የልጆቹ ቆሞ ማየት ነው። 70ውን በሰባት ይክፈሏቸው፣ አስር አስር። አንዱ ቡድን ሰኞ ማክሰኞ ይዝለል፣ አንዱ ሱዚ፣ አንዱ ገመድ፣ አንዱ አባሮሽ፣ አንዱ በጨርቅ ኳስ መቀባበል፣ አንዱ መሬት ላይ ፑሽ አፕ፣ አንዱ በእርስዎዋ ኳስ። በአምስት ደቂቃ ፊሽካ ይንፉ፣ ይቀያየሩ። ሰባቱ ቡድን 35 ደቂቃ ነው፣ ክፍለ ጊዜዋ አለቀች፣ ማንም አልቆመም። ሱዚና ሰኞ ማክሰኞ የሴት ልጅ ጨዋታ ነው የሚል ወንድ ካለ ሁለት ደቂቃ ያዝልሉትና ትንፋሹን ይስሙ። አጥንት የሚያጠነክረው እንዲህ ያለው ዝላይ ነው።

ልጆቹ ልባቸውን መቁጠር ቢማሩ ደግሞ ይወዱታል። ሁለት ጣት አንገት ላይ፣ 15 ሰከንድ መቁጠር፣ በ4 ማባዛት። ሳይሮጡና ሮጠው ያወዳድሩ። ሒሳብም አለበት፣ ያ የወልድያው ትምህርት ቤት ይስማ!

ረመዳንና ጾም ላይ ሩጫውን ቀንሰው ቀለል ያለውን ያሠሯቸው፣ ውሃ የማይጠጣውን ልጅ ቀትር ላይ አያስሩጡት። ያዞረኝ ያለውን ጥላ ስር ያስተኙት፣ እግሩን ከፍ ያድርጉት። ካልነቃቃ ሰው ይጥሩ።

ክረምት ሲገባ ክፍል ውስጥ ዴስኩን ወደ ግድግዳ ገፍታችሁ እስክስታ። እውነቴን ነው። ወሎ ተቀምጠን ስፖርት የለንም ማለት ያሳፍራል። አምስት ደቂቃ ሳያቋርጥ ትከሻውን የመታ ልጅ ላቡ በጀርባው ይወርዳል፤ እኔ ባለፈው ሰርግ ላይ ሞክሬው ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ወንበር ፈልጌያለሁ። ስልክ ላይ ዘፈን ይክፈቱላቸው፣ በአንቴናውም በዚያው እንጠቀምበት።

ድንጋዩን ግን ችላ አይበሉት። ቁርጭምጭሚቱ ወለም ያለ ልጅ ወር ሙሉ ከሜዳ ይርቃል። ወላጆችን ጠርተው አንድ ቅዳሜ በደቦ ያስለቅሙት፣ ቡናውን ትምህርት ቤቱ ያፍላ። የትምህርት ቤቱን አድራሻ ጽፈው ይላኩልኝና ሁለተኛዋን ኳስ እኔ እልካለሁ።